ጋቢው እውነት ነው፤ ስለ ንግድ ቃልና ስለ ዕለት ኑሮ ወግ የቀረበ ሐተታ

የንግድ ሥራ ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ደጋግመን ከሰማናቸው ምክሮች አንዱ «ታሪክ ንገሩ» የሚለው ነው። ዕቃ የሚሸጥ፣ ብድር የሚጠይቅ፣ ለባለአክሲዮኖች የዓመቱን ሥራ የሚያስረዳ ሰው ሁሉ ቁጥርና ደንብ ብቻ ከሚደረድር ይልቅ ታሪክ ቢናገር በሰሚው ልብ ውስጥ ይቀራል ይባላል። ምክሩን አልነቅፍም። የምነቅፈው፣ ታሪኩ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠንን መልስ ነው። ምሳሌ ይሆኑ ዘንድ የሚቀርቡልን ታሪኮች አብዛኛዎቹ በአሜሪካ አገር በመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ስለ ተጀመሩ ኩባንያዎች የሚያወሩ ናቸው። ከመካከላችን አባቱ የመኪና ማቆሚያ ቤት ያለው ስንት ተማሪ እንደ ሆነ አልጠይቅም፤ እኔ ያደግሁበት ግቢ ግን አንዲት የዶሮ ቤትና አንድ ጭስ የጠገበ ማድ ቤት ብቻ ነበረው። ታዲያ በዚያ ማድ ቤት ሲወራ የሰማሁት ወግ ለንግድ ደብዳቤ አይበቃምን? ይህን ሐተታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለዚሁ ስል ሁለት ነገር አደረግሁ። በመጀመሪያ ስምንት ቅዳሜ ያኽል በመርካቶ ሸማ ተራ ከአንዲት ዘመዳችን ሱቅ ተቀምጬ ሻጭና ገዢ የሚነጋገሩትን አዳመጥሁ። ቀጥሎም በእጄ የገባውን የንግድ ወረቀት ሁሉ፣ የቡና መጠቅለያም ቢሆን፣ የአስጐብኚ ድርጅት መግለጫም ቢሆን፣ የአበዳሪ ደብዳቤም ቢሆን፣ ሰብስቤ አነበብሁ። ስምንት ቅዳሜ ብዙ አለመሆኑን አውቃለሁ። የሰማሁትም ሁሉ እዚህ አይጻፍም፤ ከሰማሁት ውስጥ ግማሹ ስለ ዋጋ የተደረገ ክርክር ሲሆን ሌላው ግማሽ ደግሞ ሐሜት ነበር።

አንዱን ግን በሙሉ መናገር ያስፈልገኛል። በሦስተኛው ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሥራ ልብሱን እንደ ለበሰ አንድ ጐልማሳ ወደ ሱቁ ገባና የጋቢ ዋጋ ጠየቀ። ዘመዳችን ዋጋውን አልነገሩትም። «ለማን ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉት። «ለአባቴ።» «አባትህ የት ነው ያሉት?» «ደብረ ብርሃን።» «ውይ! የደብረ ብርሃን ብርድ!» አሉና ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን ጋቢ አወረዱ። እያጣጠፉና እየዘረጉም ስለ ራሳቸው አባት አወሩት። አባታቸው በልጅነታቸው ከእርሻ ሲመለሱ በጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠዋቸው እሳት ዳር ይቀመጡ እንደ ነበር፣ ጋቢው አርጅቶ ሲበጣጠስም ልጅቱ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ ያረጁ መስሎ እንደ ተሰማት ነገሩት። ወዲያው የጋቢውን ጠርዝ ገልጠው አራቱን ድርብ አንድ በአንድ አስቆጠሩት። ዋጋው የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውየው መቶ ብር ብቻ አስቀንሶ ገዝቶ ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወይዘሮ ለአማቷ ጋቢ ልትገዛ መጣች። ዘመዳችን እንደ ጠዋቱ ለማን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ እንደ ጠዋቱም ተረኩ። ነገር ግን በዚህ ጊዜ በጋቢ ውስጥ ሸጉጠው እሳት ዳር የሚቀመጡት እናታቸው ሆነው ተገኙ። ወይዘሮዋ ከሄደች በኋላ፣ «እትዬ፣ ጠዋት አባትዎ ነበሩ፤ አሁን እናትዎ ሆኑሳ?» ብላቸው ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ወጉ ይዟዟራል፤ ጋቢው ግን እውነት ነው። ዳስሳው አይደል የሄደችው?» አሉኝ።

ይህን መልስ ብዙ ቀን አሰብሁበት። በመጀመሪያ ማታለል መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ፈጽሞ ነጻ ነው አልልም። ነገር ግን በዚያች ሱቅ ውስጥ ለወጉ ዋስ የሚሆን ነገር አለ፤ ይኸውም በገዢው እጅ የተያዘው ዕቃ ነው። ገዢዋ ድርቡን ቆጥራለች፣ ጥጡን ዳስሳለች፣ ከጐረቤቱ ሱቅ ጋርም አስተያይታለች። ወጉ ያደረገው ነገር ቢኖር ጋቢው በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ ማሳየት ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ግን የሚዳሰስ ጋቢ የለም። ደብዳቤ፣ መጠቅለያ፣ መግለጫ፣ በስልክ መስኮት ላይ የሚወጣ ማስታወቂያም ጭምር አንባቢውን ብቻውን ያገኘዋል፤ ያ ሰው ከቃሉ በቀር የሚጨብጠው የለውም። ስለዚህ ከገበያ ወደ ወረቀት የሚወሰድ ወግ ከገበያው ወግ ይልቅ እውነተኛ መሆን ይገባዋል እላለሁ። የትምህርት መጻሕፍቶቻችን ታሪክ ልብ ይነካል ብለው ሲያበቁ ይህን ልዩነት አያነሡትም።

ሌላም የታዘብሁት ነገር አለ። በገበያው ውስጥ ወግ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። «ለማን ነው?» ካልተባለ የአባትየው ጋቢ አይመጣም። ተረት እንኳ በቤታችን «ተረት ተረት» ሲባል ሰሚው «የላም በረት» ብሎ ካልተቀበለ አይቀጥልም፤ ሰሚው ተኝቶ እንደ ሆነ በዚያው ይታወቃል። የምናለሽ ተራ ስም ራሱ ጥያቄ አይደለምን? በየሰፈሩ የሚዞሩት የንግድ ድምፆችም እንደዚሁ መልስ የሚጠብቁ ናቸው። «ልዋጭ!» እያለ የሚያልፈው ልጅ በአንዲት ቃል ሻጭም ገዢም መሆኑን ይናገራል፤ አሮጌ ልብስ ያላት ሴት በሯን ከፍታ፣ «ምን ትሰጠኛለህ?» ትለዋለች። ማለዳ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ ሲጣራ ስም፣ ቦታና ሰዓት ብቻ ተናግሮ ያልፋል፤ ቤተ ሰቡ ግን ወዲያው፣ «የትኛው እገሌ? የታችኛው ሰፈር ነው?» እያለ ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ከሰበሰብኋቸው የኩባንያ ወረቀቶች ውስጥ ለአንባቢው እንዲህ ያለ ክፍት ቦታ የሚተው ማግኘት አስቸግሮኛል። «ድርጅታችን በላቀ ጥራትና በተቀላጠፈ አገልግሎት» ብሎ ለሚጀምር ጽሑፍ ማን ምን ብሎ ይመልስለታል?

አሁን በሰፊው ወደሚታወቁ የንግድ ቃላት ልለፍ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው አገራችን ለጐብኚዎች ያቀረበችው «የዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የተባለው መፈክር ነው። ይህን ያወጡት የቱሪስት ድርጅቱን በኃላፊነት የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሲሆኑ ዘመኑም 1950ዎቹ ነው። መፈክሩ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አገልግሏል። በእኔ አስተያየት፣ የንግድ ቃል ከዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚወሰድ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለንም፤ ጉድለቱም እንደዚሁ ያስተምራል።

የተሠራበትን ነገር እንመልከት። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዘመን መቁጠሪያ ነው። ባለ 30 ቀን ዐሥራ ሁለት ወር፣ ከዚያም 5 ቀን ያላት፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ 6 የምትሆነው ጳጉሜን። ለእኛ ይህ እንደ ውሃና እንደ እንጀራ የታወቀ ስለ ሆነ ማንም አያስተውለውም ነበር። ሰውየው ግን ይህ ለእኛ ተራ የሆነው ነገር ለውጭ አገር ሰው እንቈቅልሽ መሆኑን አዩ። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ አንባቢ «ዐሥራ ሦስት» የሚለውን ባየ ጊዜ «ዐሥራ ሦስተኛው ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንግዲህ በሸማ ተራ «ለማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚሠራውን ሥራ እዚህ አንድ ቁጥር ሠራው። አዲስ ነገር አልተፈጠረም፤ የተለመደው ነገር ለማያውቀው ሰው ታየ እንጂ።

ይሁን እንጂ ፀሐዩስ? አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌንና ነሐሴን ያሳለፈ ሰው ይህን ቃል ያለ ፈገግታ ሊያነበው አይችልም። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዐሥራ ሦስተኛይቱ ወር ራሷ በዝናብ የምትታወቅ መሆኗ ነው። ጳጉሜን 3 ቀን በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ስለሚታመን ልጆች እየዘለሉ ይታጠቡበታል፣ እናቶችም በዕቃ ያጠራቅሙታል። እኔም ልብሴን አውልቄ በዚያ ዝናብ ውስጥ የሮጥሁበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። የደመወዝተኛው ሰው ወግ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጳጉሜን ደመወዝ የሌላት ወር ስለ ሆነች ከነሐሴ 30 እስከ እንቍጣጣሽ ያለውን ጊዜ ከባለ ሱቅ ጋር በብልኀት ያልፋታል። እንግዲህ የመፈክሩ ቁጥር ከዕለት ኑሮ ሲወሰድ ኑሮው ራሱ ቤት ቀረ ማለት ነው። በክረምት የመጣ ጐብኚ ጋቢውን ሲዳስሰው ርጥብ ሆኖ ያገኘዋል። የአማርኛ ተናጋሪው ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም፤ በአፋችን «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው ይበልጥ የተለመደው፣ ፀሐዩን ትተን ጸጋውን ብቻ ስለ ወሰድን ይሆናል። ዝናብም ጸጋ ነውና።

በ2008 ዓ.ም. ይህ መፈክር በሌላ ተተካ፤ አዲሱ «ምድረ ቀደምት» ይባላል። የሚያስረዳው ነገር እውነት ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያኽል ዕድሜ አላት፤ ቡናም ከዚህ የወጣ ነው፤ ዓባይም ከዚሁ ይነሣል። በእውነተኛነት ከተመዘነ አዲሱ ከአሮጌው ይበልጣል። በወግነቱ ግን ያንሳል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ማንም ሰው በዕለት ኑሮው «እኔ ቀደምት ነኝ» ብሎ አይናገርምና ቃሉ የስብሰባ አዳራሽ ሽታ አለው። ከጠያቂው በፊት መልሱን ይሰጣል፤ ሰሚው «የላም በረት» የሚልበት ቦታ አጣ። በሁለቱ መካከል ምረጥ ብባል ሦስተኛ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይኸውም ቁጥሩን ሳይለቅ የጳጉሜን 3ን ዝናብ የሚናገር መግለጫ ነው። ዝናብ ለጐብኚ ይነገራልን የሚሉኝ ይኖራሉ። በበረሃ አገር ለሚኖር ሰው ለምን አይነገርም? ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በሐምሌ ሙቀት ለሚወጣ ሰው ከአዲስ አበባ ክረምት የተሻለ ምን ይሸጥለታል?

ወደ ቡና ልመለስ። ከሰበሰብኋቸው የቡና መጠቅለያዎች ብዙዎቹ የእረኛውን የካልዲንና የጨፋሪዎቹን ፍየሎች ታሪክ ይናገራሉ። ይህን ታሪክ ከአያቶቻችን የተቀበልነው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከተጻፉት ሁሉ ቀደም ካሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1671 በሮም ከተማ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናውያን ወገን የሆነ መምህር በላቲን ቋንቋ ያሳተመው ሲሆን፣ በዚያ ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፤ አገሩም የመን ነው፤ እንስሶቹም ግመሎች ወይም ፍየሎች ይሁኑ አልተቈረጠም። «ካልዲ» የሚለው ስም ኋላ የተጨመረ ነው። ታሪኩ አስደሳች መሆኑን አልክድም። ይሁንና በማንኛውም አገር፣ በማንኛውም መጠቅለያ ላይ ሊታተም የሚችል ነው፤ ታትሞም ይገኛል። ስለዚህ የእኛን ቡና ከሌላው ለይቶ የሚያሳይ ምንም ነገር አይሰጥም። ወደ ገዢው እጅ የሚገባ አንድም ድርብ የለውም።

በአንጻሩ እኔ የማውቀው የቡና ወግ ይህ ነው። እናቴ ቡና ስትቈላ እኔን ጐረቤት እንድጠራ ትልከኝ ነበር። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀን ትእዛዙ ይለያያል። አንድ ቀን፣ «የታችኞቹን አትጥራ» ትባላለህ፤ እንግዲያው ጠብ አለ ማለት ነው። በሳምንቱ፣ «ሄደህ የታችኞቹን አስቀድመህ ጥራ» ትባላለህ፤ ዕርቅ ሊወርድ ነው። በአቦሉ ሳይነጋገሩ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች በቶናው ስለ ሽሮ መወደድ ማውራት ሲጀምሩ፣ በበረካው ደግሞ አንዲቱ የሌላዪቱን ልጅ ስትመርቅ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ የማየው በር ላይ ቆሜ ቈሎዬን እየበላሁ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በአንድም መጠቅለያ ላይ አላገኘሁም። ቡና ላኪ የሆነ ድርጅት ጸሐፊ ይህን ለመጻፍ ወደ ሮም ቤተ መጻሕፍት መሄድ አያስፈልገውም፤ እናቱን መጠየቅ ይበቃዋል።

ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ገንዘቡንም ልጥቀስ። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ በኩል ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የሲዳሞ ማመልከቻ እንዳይቀጥል መንገዱን ከዘጉት ነገሮች አንዱ፣ ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አስቀድሞ «ሲዳሞ» የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገብቶ መገኘቱ ነበር፤ በምልክቱ ውስጥ «ሽርክና» የሚል የአማርኛ ቃል መግባቱን አማርኛ የሚያውቅ ሰው ልብ ሳይል አያልፍም። ኩባንያው ይህን ማመልከቻ ኋላ ተወው። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበርም የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። ክርክሩ በጋዜጦችና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ዘንድ ብዙ ከተወራበት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኩባንያው በስሞቹ አጠቃቀም ላይ ስምምነት ፈረሙ።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። ይርጋጨፌ የሚለው ስም ለእኛ አውቶቡስ የሚቆምበት ከተማ ነው፤ በውጭ አገር መደብር ውስጥ ግን በአንድ ቃል የተጠቀለለ ወግ ነው። ጠጪው ያን ቃል ባየ ጊዜ ስለ ቦታው፣ ስለ ከፍታው፣ ስለ ጣዕሙ የሰማው ሁሉ ትዝ ይለውና ለዚያ ሲል ይበልጥ ይከፍላል። ዋጋ ባይኖረው ኖሮ በጠበቃ አይሟገቱበትም ነበር። እኛ በክፍል ውስጥ «ታሪክ» የምንለውን ነገር እንደ ጌጥ ስናይ ነጋዴዎች እንደ ንብረት ያዩታል።

ከዚህም በቀር ወግ መነገር መቻሉን የሚወስነው የጸሐፊው ችሎታ ብቻ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በየአካባቢውና በየደረጃው እየለየ ያሻሽጥ ጀመር። ገበሬው ዋጋ እንዲያውቅና ክፍያው እንዲፋጠን ረድቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር በአንድ ደረጃ ሲቀላቀል፣ ገዢው ጆንያው ከማን ማሳ እንደ መጣ ማወቅ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ይህን መንገድ ካሻሻሉት አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ከማኅበራት ውጭ የነበረ አንድ ላኪ የአንዲትን ገበሬ ታሪክ በመጠቅለያው ላይ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ ምንም ያኽል ቢያምር፣ በጆንያው ውስጥ ያለው ቡና የእርሷ ለመሆኑ ዋስ አልነበረውም። ማለትም፣ ደራሲው ከመጻፉ በፊት መጋዘኑ መስተካከል ነበረበት። የንግድ ጽሑፍ የሚያስተምሩን መምህራን ይህን ቢጨምሩበት እወዳለሁ።

እዚህ ላይ በመግለጫዎች ውስጥ ስለሚታዩት ፎቶግራፎችም አንድ ነገር ልበል። እሸት ቡና የያዙ እጆች፣ የሚስቁ ሴቶች፣ በትር የተደገፉ ሽማግሌዎች፤ ከሥራቸው ግን ስም የለም። የሰውን ፊት ወስዶ ስሙን መተው ምን ይባላል? ወጉን የሰጠው ሰው ተጠይቆ ነበርን? ወረቀቱስ ታትሞ ሲወጣ ደርሶታልን? እኔም የዘመዳችንን ንግግር እዚህ ከመጻፌ በፊት አስፈቅጃለሁ፤ ፈቅደውልኛል፤ ነገር ግን፣ «ስሜን አታንሣ፤ ደንበኛ ይሸሸኛል» ብለውኛል። ትክክል ናቸው።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ እንዳስብ ስላደረገኝ ደብዳቤ ልናገር። አክስቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ከአንድ አበዳሪ ድርጅት ገንዘብ ተበድራ ነበር። ባለፈው ዓመት ባሏ በሞተ ጊዜ ሦስት ወር ሳትከፍል ቀረች። ከዚያም ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጣላት። አንቀጽ ተጠቅሷል፤ «ያልተጠናቀቀ ግዴታ» ይላል፤ «አግባብ ያለው ርምጃ» ይላል፤ ማኅተምም አለው። አክስቴ ማንበብ ትችላለች፤ ደብዳቤውም የተጻፈው በአማርኛ ነው። ነገር ግን ቤቷን ሊወስዱባት መስሏት ደብዳቤውን ከፍራሽ ሥር ደበቀችው፤ ሦስት ሳምንትም ወደ ገበያ ሳትወጣ ቀረች። የገዛችው ዛላ በርበሬ በዝናብ ሻገተ። እኔ ለዓውደ ዓመት ስሄድ አሳየችኝ። ሁለት ጊዜ ካነበብሁት በኋላ ነው የገባኝ፤ ደብዳቤው የሚለው የክፍያው ጊዜ ተራዝሞልሻል ነው! የሚያስፈራው «ርምጃ» የሚወሰደው በአዲሱ ቀን ካልከፈለች ብቻ ነበር።

እንዲህ ብዬ አስረዳኋት፦ «አክስቴ፣ የዕቁቡ ዳኛ ‹ሐዘን አግኝቶሻልና የሦስቱን ወር ወደ ኋላ ትከፍያለሽ› ቢሉሽ ማለት ነው።» ወዲያው ገባት። እንዲያውም፣ «ታዲያ ዕዳው ሲያልቅ ነው የምከፍለው ወይስ በየወሩ ተጨምሮ?» ብላ እኔ ያላሰብሁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ደብዳቤው ለዚህ መልስ አልነበረውም። ድርጅቱን እዚህ በስም አልጠራም፤ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ምናልባት እንደ እኔው ከዚህ መሰል ትምህርት ቤት የወጣ፣ ደግ ነገር ለማብሠር የፈለገ ሰው ነው። የበጎ ዜና ደብዳቤ በርበሬ ማሻገቱን ግን አያውቅም።

አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር የዚህን ሐተታ ረቂቅ አይተው፣ «ቁጥር የሌለው ወግ ነጋዴን ያከስራል» ብለውኛል። አልቃወማቸውም። የዕቁቡም ምሳሌ ቁጥር ያስፈልገዋል፤ አክስቴ የጠየቀችው ስለ ቁጥር አይደለምን? ምሳሌው ያደረገው ቁጥሩ የት እንደ ጐደለ ማሳየት ነው። መምህሩ ሌላም ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ዕቁብ ለማያውቅ አንባቢ ምን ትጽፋለህ? አሉኝ። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። የአንድ ሰፈር ወግ ወደ ሌላ ሰፈር ሲሄድ ይደርቃል፤ የሸማ ተራዋ ዘመዳችን ገዢው ከደብረ ብርሃን ባይሆን ስለ ብርድ ባላወሩ ነበር። ይህን በሌላ ጽሑፍ ለመመርመር አስቤአለሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከአክስቴ ጋር ተቀምጠን ያንን ደብዳቤ እንደ ገና ጻፍነው። ሁለቱ ገጽ ዘጠኝ መስመር ሆነ። «ባለቤትዎ በማረፋቸው ማዘናችንን እንገልጻለን» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ እርሷ፣ «እነርሱ አላዘኑም፤ አውጣው» አለችኝ። አወጣሁት። በቦታው፣ «የሦስቱን ወር ክፍያ ከመጨረሻው ወር ቀጥለው ይከፍላሉ፤ ወለድ አይጨመርበትም» የሚል ልጽፍ ብል፣ ወለድ መጨመሩንና አለመጨመሩን ሁለታችንም ስለማናውቅ ቦታውን ባዶ ተውነው። ከግርጌው ደግሞ አክስቴ፣ «ጥያቄ ካለኝ የማናግረው ሰው ስሙና መስኮቱ ይጻፍበት» አለች፤ ለዚያም ሌላ ባዶ መስመር ጨመርን። በማግሥቱ ደብዳቤያችንን ይዛ ወደ ድርጅቱ ሄደች። በመስኮቱ ያገኘችው ልጅ አንብቦ ሲጨርስ የወለዱን ነገር ከአለቃው ጠይቆ በእስክሪብቶ ሞላላት፤ ስሙንም ጻፈላት።